መስመሩን ከፎቅ ሆነው ለሚዘጉብን ሊቀመንበር

ለክቡር ዶን ዊልፍሪዶ ካልዬ
የሳንታ ፕራክሴዲስ አጥቢያ ምክር ቤት ሊቀመንበር
ባሉበት ፎቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከዚህ በታች ከማሰፍረው ኀፍረት በቀር ደኅና ነኝ። የመገናኛ ክፍላችን ከተመረቀ ወዲህ ከቢሮዎ ወደ እኛ የሚያወርደውን ደረጃ ሲረግጡ ያየዎት ሰው ስለሌለ፣ ጉልበትዎን አሞዎት ይሆናል ብለን በየቅዳሴው እንጸልይልዎታለን።

ደብዳቤውን በእጅዎ ማስረከብ ሲገባኝ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በእጅዎ ላስረክብ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ በትሕትና “ክቡር ሊቀመንበሩ ስልክ ላይ ናቸው” እያሉ መለሱኝ። እርስዎ ስልክ ላይ ሲሆኑ መላው አጥቢያ ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ፣ በር ላይ ቆሞ ደብዳቤ ለማንበብ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም ብዬ አሰብኩ።

ለማያውቀኝ መንገደኛ ማንነቴን ልናገር። ኦቲሊያ ሳንማርቲን እባላለሁ። በፖስታ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የሴቶች ማኅበራችን የመገናኛ ክፍሉን ቁልፍ አደራ ሰጥቶኛል። ክቡር ሊቀመንበሩን ክርስትና ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። ያን ዕለት የጠበሉ ውኃ ሲነካቸው ምርር ብለው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያለቅሱት ሌሎች ናቸው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ መስመር ስላስገቡልን አመሰግናለሁ። የእኛ አጥቢያ ከየቤቱ አንድ ሁለት ልጅ ወደ ስፔን የሸኘ አጥቢያ ነው። ሙርሲያ ውስጥ ሰላጣ የሚለቅመውም፣ የሰው ሽማግሌ የሚያጥበውም የእኛው ልጅ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ በወተት መኪና ተጭነው ሲመጡ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ያለን አንድ የስልክ መስመር ታች ባለው ኮምፒውተር ላይ ተሰካ። ሌሎቹ በገመድ ከእሱ ጋር ተያይዘው ኢንተርኔቱን ከእሱ እንዲካፈሉ ተደረገ፤ አንዱ ገመድ ደግሞ ጣሪያውን በስቶ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ወጣ። ከከተማችን ከኩዌንካ የመጣው ቴክኒሻን “መስመሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ይሁን?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ከእኛ አንዱ አፉን ሳይከፍት እርስዎ “እኔ፤ ከዚሁ ከወንበሬ ሆኜ” አሉት። እኛም አጨበጨብን። ያን ጭብጨባ ዛሬ ሳስታውሰው እጄን የት እንደማስገባው ይጠፋኛል።

ሁለተኛ፣ ልመናን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ታች የተቀመጠ ሰው ኢንተርኔት ሲፈልግ፣ መስመሩ አፍንጫው ሥር ተሰክቶ እያየው፣ ደረጃ ወጥቶ፣ በርዎን አንኳኩቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይለምናል። እርስዎም ደስ ሲልዎት ከላይ ሆነው ጠቅ ያደርጋሉ፤ ታች ያለው፣ ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘን ዕቃ ጅራቱ እንደተረገጠ ድመት ይጮህና መስመሩ ይከፈታል። መስመሩ አንድ ስለሆነ ስልክ ለመደወል ኢንተርኔቱ መዘጋት አለበት፤ እርስዎ መደወል ባሰኝዎ ጊዜ ግን ማንንም አይጠይቁም። ጠቅ ነው፤ እኛ ኮምፒውተር ላይ “ግንኙነቱ ተቋርጧል” የምትል ቃል ብቅ ትላለች። ዶን ሴጉንዶ ቴኔሳካ ባርሴሎና የተወለደውን የልጅ ልጁን ፎቶ ሲጠብቅ ይታወስዎታል? ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ እየወረደ ሳለ እርስዎን ስልክ አማረዎት፤ ሕፃኑ ቅንድቡ ላይ ቀረ። ምስኪኑ ሽማግሌ ያንኑ ደጋግሞ አየና “ግንባሩስ የእኔ ነው” ብሎ ተደስቶ ወጣ። ሁላችንም ሳቅን። ክቡር ሆይ፣ ያኔ መሳቅ አልነበረብንም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ዶኛ ሄርሜሊንዳ ጓማን ነው። እዚህ ላይ ቁጥር መቁጠሩን እተዋለሁ፤ ይህ ነገር ከሌላው ጋር ተሰልፎ አይቆምልኝም።

ሄርሜሊንዳን ያውቋታል። ልጅ ሳሉ በገበያ ቀን የበቆሎ ንፍሮ በቅጠል ጠቅልላ እጅዎ ላይ ታስቀምጥልዎት የነበረችው፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ባልቴት ናት። አንድ ልጇ ኖኤሚ ሙርሲያ ነው ያለችው፤ አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ታስታምማለች። ባለፈው ዓመት የአሮጊቷ ልጅ ላግባሽ አላት። ሰውዬው ሚስቱ ሞታበታለች፤ የደረሱ ልጆች አሉት፤ ፀጉሩም ሸብቷል። ሄርሜሊንዳ ይህን በሰማች ጊዜ እኔው ፊት በማይክሮፎኑ “ሽማግሌ ላስታምም ብለሽ ሄደሽ ሽማግሌ ልታገቢ ነው?” አለቻት። ልጅቷም “እማዬ፣ ደግ ሰው ነው፤ ብታውቂው ትወጂዋለሽ” ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ብዙ ጊዜ ተኮራረፉ።

ሄርሜሊንዳ ግን ልቧ ክፉ አይደለም። ሠርጉ ሲቃረብ ወደ እኔ መጣችና “ኦቲሊያ፣ ልመርቃት ነው። ልጄ ሳትመረቅ ቤተ ክርስቲያን አትገባም” አለችኝ። እኔም ለኖኤሚ ጻፍኩላት። መልሷ በማግስቱ ደረሰ፤ የሠርጓ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት አጠገቡ ካለ የስልክና የኢንተርኔት ሱቅ ገብታ እንደምትጠብቅ፣ ተንበርክካም ምርቃቷን እንደምትቀበል ገለጸች። ሄርሜሊንዳ ይህን ሳነብላት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

አንድ ነገር ብቻ አሳስቧት ነበር። “መሐል ላይ ቢቋረጥስ?” አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ የመለስኩላትን ቃል በቃል ልጻፍልዎት። “ዊልፍሪዶ ልጄ ነው፤ በእጄ ያደገ ነው። አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ በአንቺ ላይ አይዘጋም” አልኳት። ነገርኩዎትም። እርስዎም “ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገባኝ እማማ” አሉኝ።

ቅዳሜ ሄርሜሊንዳ ባለጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲሱን የገለባ ባርኔጣዋን ደፍታ መጣች። የሠፈሩ ሴቶችም አጅበዋት መጡ፤ ለሠርግ እንደሚመጣ ሰው አበባ የያዘችም ነበረች። እኔ ደረጃውን ወጥቼ ለመንኩ፤ እርስዎም ከፈቱልን። ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን መጣ።

“እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?”

“እሰማሻለሁ ልጄ። ምነው ቀጠንሽ?”

“የት አየሽኝና! ድምፄን እኮ ነው የምትሰሚው።”

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ተንበርክኬያለሁ እማዬ። አንቺ በይ” አለች።

ሄርሜሊንዳ ባርኔጣዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ቀኝ እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋች። ከዚያ “ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህን ጋብቻ እኔ አልፈለግሁትም ነበር” አለች። ትንፋሽ ወሰደች። “አሁን ግን…”

“ግንኙነቱ ተቋርጧል።”

ሄርሜሊንዳ ማንበብ ስለማትችል ኮምፒውተሩ ላይ የወጣችው ቃል ምን እንደምትል አላወቀችም። መናገሯን ቀጠለች። ደግ ሰው መሆኑን በድምፅሽ አወቅሁ፤ ቤትሽ ይሙላ፤ የወለድሽው ይባረክ፤ የነካሽው ይለምልም እያለች፣ እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለባዶ ሳጥን መረቀች። ከእኛ ማን ያስቁማት? ስትጨርስ መስቀል ሠርታ “አሜን በይ ልጄ” አለች። አሜን የሚል አልነበረም።

እኔ ምናልባት መስመሩ በራሱ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ፣ ስለ እርስዎ ክፉ ላለማሰብ ብዬ፣ በዚያው መስመር የተሰካውን የጠረጴዛውን ስልክ አነሣሁ። ያ አሮጌ ስልክ ድምፁ ከጡሩንባ እንደማይተናነስ ያውቃሉ። የሰማሁትን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰማው። የእርስዎ ድምፅ ነበር።

“ለዶሮ ፍልሚያው ቀዩን አውራ ዶሮ አታምጣው፤ ጥፍሩ ገና ነው። ያንን ባለነጭ አንገቱን አምጣው። ኧረ ምን ያስቸኩለኛል፤ ጊዜ አለኝ፣ አጫውተኝ እንጂ!”

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ተሰድቦ የማያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ስድብ ሲሰማ እንዲያ ነው የሚሆነው። ሄርሜሊንዳ ግን ተነሣች፤ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛ “ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ብዙ አወራሁ መሰለኝ። ሊቀመንበሩን አስቸገርኳቸው” አለች።

ክቡር ሆይ፣ ያፈረችው እሷ ናት። ኀፍረት ባለቤቱን ሲያጣ ደጃፉ ክፍት የሆነ ቤት ይገባል፤ የእሷ ደጃፍ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በርዎን ሳላንኳኳ ገባሁ፤ ስለዚህ ብልግናዬ አሁን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

“ዊልፍሪዶ! ሴትየዋ እኮ ልጇን እየመረቀች ነበር!” አልኩ።

እርስዎ የስልኩን አፍ በመዳፍዎ ከድነው “እማማ፣ ምርቃት የት ይሄዳል? ከሰዓት ትመርቃታለች” አሉኝ።

“እዚያ እኮ ከሰዓት ሆኗል! ቤተ ክርስቲያን እየጠበቃት ነው!”

“እሺ፣ እሺ፣ አንድ ደቂቃ” አሉና ወንበርዎን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጀርባዎን እያየሁ ቆምኩ። ክርስትና ያነሣሁት ሕፃን ጀርባ እንዲህ ሰፍቶ ማየቴ ነው እያልኩ።

መስመሩን መልሰው ሲከፍቱልን ኖኤሚ አልነበረችም። ከእሷ የተላከች አጭር ጽሑፍ ግን ጠበቀችን። ሄርሜሊንዳ “አንብቢልኝ” አለችኝ። ላለዝባት፣ ሌላ ቃል ልጨምርባት አሰብኩ፤ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። እንዳለች አነበብኩላት፦

“እማዬ፣ ገባኝ። ምርቃት በግድ አይወሰድም። ቄሱ እየጠበቁን ነው። ደኅና ሁኚ።”

ልጅቷ ምን ታድርግ? የሰማችው የመጨረሻ ቃል “አልፈለግሁትም ነበር” የሚል ነው፤ ከዚያ እናቷ ጠፋች። በሌላው ዓለም ሰው ሲናደድ ስልክ ይዘጋል፤ በእኛ አጥቢያ ሊቀመንበር ዶሮ ሲመርጡ ስልክ እንደሚዘጋ በምን ታውቃለች?

ወዲያውኑ መልስ ጻፍን። አላየችውም፤ ወይም አይታው አላመነችውም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሄርሜሊንዳ በየሳምንቱ እየመጣች ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጥ ነበር። “ዛሬ ሥራ በዝቶባት ይሆናል” ትላለች፤ ባርኔጣዋን ደፍታ ትሄዳለች። በአጥቢያው በዓል ዕለት፣ የሸንኮራ አረቄ ሲቀዳ፣ እርስዎ በሰው መሐል ጠርተዋት “እሺ ዶኛ ሄርሜሊንዳ፣ ሙሽሪት እንዴት ናት?” አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ “ደኅና ናት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እጄን ይዛኝ ነበርና የእጇ ቅዝቃዜ እስካሁን እጄ ላይ አለ።

በመጨረሻ እኔው እጇን ጎትቼ በወተት መኪና ወደ ከተማ ወሰድኳት። የስልክ ሱቅ ገባን፤ ከእንጨት በተሠራችው ጠባብ ክፍል ሁለታችንም ተጠጋግተን ቆምን። ኖኤሚ አነሣች።

“ማን ልበል?”

“እናትሽ ናት” አልኩና መስሚያውን ለሄርሜሊንዳ ሰጠኋት።

ሄርሜሊንዳ ሰላምታ አላቀረበችም። “እኔ አይደለሁም የዘጋሁት ልጄ። እኔ መዝጋት እንኳን አላውቅም” አለች። ከወዲያ ማዶ ልቅሶ ተሰማ። ልጅቷ ያን ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሱቁ ወለል ላይ ተንበርክካ እንደነበር፣ ባለሱቁ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ካርቶን እንዳነጠፈላት፣ ድምፁ ከጠፋ በኋላም እንደተንበረከከች ብዙ እንደጠበቀች፣ የባሏ እኅት በመጨረሻ ክንዷን ይዛ እንዳነሣቻት ተናገረች። “ሠርጌ ላይ ቀና ብዬ አልሄድኩም እማዬ። ፎቶው ሁሉ መሬት መሬት ሳይ ነው” አለች።

ቀጥላም ጠየቀች፦ “ታዲያ ማነው የዘጋው?”

ሄርሜሊንዳ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ደግሞ ስምዎ ከአፏ ሲወጣ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተመኝቼም ነበር። እሷ ግን “ማንም አልዘጋው ልጄ። መስመሩ ነው። የእኛ አገር መስመር ደካማ ነው” አለቻት።

ከዚያ እዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስታወቱ ውጭ ወረፋ የያዙ ሰዎች በጣታቸው እያንኳኩ፣ ልጇን እንደ ገና መረቀቻት። ኖኤሚም “አሜን” አለች። በከተማው ስልክም ይሁን በእኛ፣ ምርቃት ከሠርግ በኋላም ምርቃት ነው፤ የማይመለሰው ፎቶው ብቻ ነው።

ስንመለስ መኪናው ላይ ጠየቅኋት። “ለምን ዋሸሻት?”

“ምን ልበላት ታዲያ?” አለችኝ። “ባሏ ባዕድ ነው፤ አማቷ ባዕድ ናት። ‘እናትሽ ስትመርቅሽ የአገርሽ ሹም ለዶሮ ብሎ ዘጋባት’ ልበላት? ነገ እነሱ ፊት በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ገመና አይገለጥም ኦቲሊያ። አንቺም ስም እንዳታነሺ።”

“የማንን ስም? የአንቺን ነው?”

“የእሱን” አለች። “ልጅ ሆኖ ንፍሮ የበላው እኔ ጋር ነው። አሳዘነኝ።”

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ሄርሜሊንዳ የደበቀችውን እኔ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ይቅር እንድትለኝ እጠይቃታለሁ፤ እንደማትቆጣኝም አውቃለሁ፤ ይህም ሌላ ኀፍረት ነው። ግን አስቤ አስቤ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። እሷ ስለ እርስዎ አፈረች፤ እኔ ስለ እርስዎ ቃል ገብቼ አፈርኩ፤ ሴቶቹ ሰምተው አፈሩ፤ ኖኤሚ በሠርጓ ቀን አፈረች። ይህን ሁሉ ኀፍረት እኛው ተካፍለን ተሸክመን ስንዞር፣ ለዋናው ባለቤት ጥቂት እንኳን ሳናስቀርለት መቅረታችን ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ድርሻዎን ልኬልዎታለሁ። ከባድ አይደለም፤ አንዲት ባልቴት ብቻዋን ችላዋለች።

ለሰጡን መስመር፣ ለከፈቱልን ጊዜ ሁሉ፣ ይልቁንም ለዘጉብን ጊዜ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ የቀና አንገትም እንዲሰጥዎት የምለምን፣

ክርስትና ያነሣችዎት፣
ኦቲሊያ ሳንማርቲን
ከታችኛው ክፍል

ማሳሰቢያ፦ ያ ከኩዌንካ የመጣው ቴክኒሻን ባለፈው ሐሙስ የተበላሸ የኮምፒውተር ቁልፍ ሊጠግን መጥቶ ነበር። “መስመሩን ከላይ ሆኖ መቆጣጠር የሚቻለው ለምንድን ነው?” ብለን ስንጠይቀው፣ መስመሩ የተሰካው እኛ ጋር ስለሆነ ፈቃዱም ያለው እኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሆነ፣ ሌላው ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት የሚችለው እኛ እስከፈቀድን ድረስ ብቻ እንደሆነ አሳየን። አንዲት ትንሽ የራይት ምልክት ናት። ማኅበሩ ተሰብስቦ መከረ፤ እኔም በገዛ እጄ አነሣኋት። ስለዚህ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉ ዝም ቢልዎት ኮምፒውተርዎ አልተበላሸም፤ አይደብድቡት። ኢንተርኔት ሲያሻዎት ይምጡ፤ ወረፋ ይይዛሉ፤ ተራዎ ሲደርስ ማንም አይዘጋብዎትም። የኖኤሚን አድራሻ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጬልዎታለሁ። እሷ እስካሁን የምታውቀው መስመሩ ደካማ እንደነበር ነው። ደካማው ማን እንደነበር እርስዎ ይጻፉላት።